«አቋራጭ ነው» ለሚሉን፦ ስለ ክብደት መቀነሻ ቀዶ ሕክምና የቀረበ ምላሽ

ስለ ክብደት መቀነሻ ቀዶ ሕክምና ወሬ በተነሣ ቁጥር የሚሰጠው ፍርድ የታወቀ ነው። ሰው የሚወፍረው ከሚያቃጥለው በላይ ስለሚበላ ነው፤ መፍትሔውም መብላት መቀነስና መንቀሳቀስ ነው፤ ይህን የሚችል ሰው ሆዱን ለቢላ አይሰጥም፤ የሚሰጠው አፉን መግታት ያቃተው ነው። ጠንከር ያሉት «አባቶቻችን ጾመው፣ በእግራቸው ሄደው፣ ቦርጭ ሳያውቁ ኖሩ» ብለው ይጨምሩበታል። ይህን የሚሉት ሰዎች አላዋቂዎች አይደሉም። ሐኪሞች አሉባቸው፤ ልጃቸውን ካላስፈላጊ ቢላ ለማዳን የሚጨነቁ ወላጆችም አሉባቸው። የሰውን ጨጓራ ቆርጦ ማውጣት እንደ ቀላል ነገር ሊታይ አይገባም ማለታቸውም ትክክል ነው። አስተያየታቸውን ያቀረብኩት ሳላቃልል እንደሆነ ተስፋ አደርጋለሁ፤ አሁን የሚፈርስባቸውን ቦታዎች ላሳይ።

አስቀድሜ አቋሜን ልናገር። ቀዶ ሕክምናውን የሚንቁትና «ገብተህ ቀጭን ሆነህ ትወጣለህ» እያሉ በማስታወቂያ የሚሸጡት ወገኖች ባላንጣ ይመስላሉ እንጂ የቆሙት በአንድ መሠረት ላይ ነው። ሁለቱም ነገሩ ቀላል ነው ብለው ያምናሉ። አንደኛው ቀላል ነው ብሎ ይንቀዋል፤ ሌላኛው ቀላል ነው ብሎ ይቸረችረዋል። ክርክሬ ከዚህ ከጋራ መሠረታቸው ጋር ነው።

አንደኛ፤ መግለጫን ምክንያት አድርጎ የመውሰድ ስሕተት አለ።

«ከሚያቃጥለው በላይ ስለበላ ወፈረ» የሚለው አባባል ሐሰት አይደለም። ነገር ግን ወንዙ ለምን ሞላ ሲባል ውሃ ስለበዛበት ብሎ እንደ መመለስ ነው። መመለስ ያለበት ጥያቄ ሌላ ነው፦ አንድ ገበታ ከበው ከተቀመጡ ሁለት ሰዎች አንዱ በግማሽ እንጀራ «ተመስገን፣ ጠገብኩ» ብሎ እጁን ሲታጠብ፣ ሌላው በሁለት እንጀራ የማይጠግበው ለምንድን ነው?

እ.ኤ.አ. በ1986 አልበርት ስታንካርድና ባልደረቦቹ በዴንማርክ በማደጎ ያደጉ የ540 ጎልማሶችን ክብደት መርምረው ነበር። የልጆቹ ክብደት ከወለዷቸው ወላጆች ክብደት ጋር ዝምድና ነበረው፤ ገበታ ካካፈሏቸው አሳዳጊዎች ክብደት ጋር ግን አልነበረውም። ከአራት ዓመት በኋላ በካናዳ የላቫል ዩኒቨርሲቲው ክሎድ ቡሻር 12 ጥንድ ተመሳሳይ መንትዮችን በቀን 1,000 ካሎሪ ትርፍ ምግብ ለ84 ቀናት መገባቸው። ትርፉ ለሁሉም እኩል ነበር። የጨመሩት ክብደት ግን ከ4.3 እስከ 13.3 ኪሎ ተራርቆ ተገኘ፤ መንትያ ከመንትያው ጋር ሲነጻጸር ደግሞ ልዩነቱ ጠበበ። በዚህ ሙከራ ማንም በራሱ ፈቃድ አልበላም፤ ሁሉም የበሉት ተለክቶ የቀረበላቸውን ነው።

ፈቃድ ተፈትኖ የታየው በሌላ ቦታ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጨረሻ፣ እ.ኤ.አ. በ1944 እና በ1945፣ አንሰል ኪስ በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ 36 ጤነኛ ወጣት ወንዶችን ለስድስት ወር ያህል በግማሽ ቀለብ አቆያቸው። ክብደታቸው በሩብ ገደማ ቀነሰ። በዚያ ጊዜ ሐሳባቸው ሁሉ ምግብ ሆነ፤ የምግብ አሠራር መጽሐፍ ይሰበስቡ፣ ሳህን ይልሱ፣ አንዷን ጉርሻ ለማቆየት ሲሉ ገበታ ላይ ይውሉ ጀመር። ቀለቡ ሲፈታላቸውም ሆዳቸው ሞልቶ ሳለ ረኃቡ አልለቅ አላቸው። እነዚህ ወጣቶች እነማን ነበሩ? አገር ሁሉ ሲዘምት ለሕሊናቸው ብለው መሣሪያ አናነሣም ያሉ፣ ለዚህም የጎረቤትንና የመንግሥትን ፊት የተቋቋሙ ሰዎች ናቸው። ከእነሱ የበለጠ ፈቃደ ጽኑ ለማግኘት ሩቅ መሄድ ያስፈልጋል።

ምክንያቱ ዛሬ በከፊል ታውቋል። ጨጓራ ግሬሊን የተባለ የረኃብ ሆርሞን እንደሚያመነጭ የጃፓን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1999 አሳዩ። በ2002 ዴቪድ ከሚንግስና ባልደረቦቹ ያወጡት ጥናት በምግብ ቅነሳ በከሱ ሰዎች ደም ውስጥ ይህ ሆርሞን ከፍ እንደሚል ገለጸ። በ2011 በሜልበርን በ50 ሰዎች ላይ ተደርጎ የታተመው ጥናት ደግሞ የከፋውን ነገር አመጣ፦ የአሥር ሳምንት ጥብቅ ቅነሳ ካበቃ ከዓመት በኋላ እንኳን የረኃብና የጥጋብ ሆርሞኖቻቸው ወደ ቦታቸው አልተመለሱም። በአሜሪካ ቴሌቪዥን ክብደት ለመቀነስ የተወዳደሩ 14 ሰዎችን ከስድስት ዓመት በኋላ የመረመረው ኬቪን ሆል በ2016 እንዳስነበበው፣ አብዛኞቹ የቀነሱትን መልሰው ጨምረዋል፤ ሰውነታቸውም በዕረፍት ጊዜ ከሚጠበቀው በቀን 500 ካሎሪ ያህል አሳንሶ ያቃጥል ነበር። የከሳ ሰው ሰውነት ማለት ይህ ነው፦ ወጪውን ቆጥቦ ገቢውን አብዝቶ የሚጠይቅ።

እዚህ ላይ «እኔ ግን በእግር ጉዞና ራት በመተው ብቻ 20 ኪሎ ቀንሻለሁ» የሚል ወዳጅ አይጠፋም። ምስጋና ይገባዋል፤ ምስክርነቱ ግን ማስረጃ አይሆንም። የተሳካለት ሰው ይናገራል፤ ያልተሳካለት ዝም ይላል። የተናገሩትን ብቻ የሚቆጥር ሰው ሁሉም የተሳካላቸው ይመስለዋል።

አባቶቻችንን ጠርቶ መከራከርም እንዲሁ ነው። አካባቢ ክብደትን እንደሚለውጥ አልክድም፤ እንዲያውም ከኢትዮጵያ ወደ እስራኤል የገቡ ወገኖቻችን በመጡበት ጊዜ እምብዛም ያልነበረባቸው የስኳር በሽታ በቆይታቸው ዓመታት እንደጨመረ በተደጋጋሚ ተጠንቷል። እንግዲህ ፈቃዳቸው የጠፋው አውሮፕላን ላይ ነው? የተለወጠው የሚበሉትና የሚንቀሳቀሱበት ሁኔታ ነው። ይህ መከላከልን በተመለከተ ትልቅ ትምህርት ነው። መከላከያ የሆነ ነገር ሁሉ ግን መድኃኒት አይሆንም። ሰውነት ከፍ ያለውን ክብደት እንደ ራሱ ልክ ይዞ መከላከል ከጀመረ በኋላ፣ ያላወፈረን ኑሮ ያከሳናል ብሎ መደምደም ዘለላ ነው።

ሁለተኛ፤ ቀዶ ሕክምናው ጨጓራ ማጥበብ ብቻ ነው የሚለው ሐሳብ ከሠላሳ ዓመት በላይ ወደ ኋላ የቀረ ነው።

በብዛት የሚሠሩት ሁለት ናቸው። ስሊቭ በሚባለው ከጨጓራው ሦስት አራተኛ ያህሉ ወይም ከዚያ በላይ ተቆርጦ ይወጣል፤ የሚቀረው ቀጭን ቱቦ ነው። ባይፓስ በሚባለው ደግሞ ከጨጓራው አናት 30 ሚሊ ሊትር ገደማ የሚይዝ ትንሽ ከረጢት ተለይቶ ከቀጭን አንጀት መካከለኛ ክፍል ጋር ይገናኛል። ኤድዋርድ ሜሰን እ.ኤ.አ. በ1966 በአይዋ ባይፓስን ሲጀምር ሐሳቡ በርግጥ የምግብን መጠን መገደብ ነበር። ነገር ግን የሰሜን ካሮላይናው ዋልተር ፖሪስ በ1995 እንደዘገበው፣ የስኳር ሕመምተኞች ደም ውስጥ ያለው ስኳር መስተካከል የሚጀምረው ክብደታቸው ገና ሳይቀንስ፣ በቀናት ውስጥ ነበር። ማጥበብ ብቻ ቢሆን ኖሮ ስኳሩ ክብደቱን ተከትሎ በቀነሰ ነበር። ምግብ በአዲሱ መንገድ ወደ አንጀት ፈጥኖ ሲደርስ የጥጋብ ሆርሞኖች ይበዛሉ፤ በከሚንግስ ጥናትም ባይፓስ የተደረገላቸው ሰዎች ግሬሊን ዝቅ ብሎ ተገኝቷል። በምግብ ቅነሳ የከሳ ሰው ከራሱ ረኃብ ጋር ይታገላል። ቀዶ ሕክምና የተደረገለት ሰው የተለየ ረኃብ ያለው ሰውነት ይዞ ይጀምራል። «ያው መብላት መቀነስ ነው፤ በፈቃድ ቢደረግ ምን ነበረ?» የሚለው ጥያቄ የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው።

ሦስተኛ፤ አደጋውን ከምን ጋር እንመዝነው?

ተቃዋሚዎቻችን ቀዶ ሕክምናውን ከጤነኛ ሰው ጋር ያነጻጽሩታል። ትክክለኛው ማነጻጸሪያ ያው ታማሚ ሳይታከም ቢቀር የሚደርስበት ነው። በአሜሪካ 4,776 ሰዎችን ተከታትሎ እ.ኤ.አ. በ2009 በታተመው ጥናት በመጀመሪያዎቹ 30 ቀናት የሞቱት 0.3 በመቶ ነበሩ። ዜሮ አይደለም፤ ማንም ዜሮ ነው ቢላችሁ አትመኑት። በሌላኛው የሚዛን ሳህን ግን ምን አለ? በስዊድን ከ1987 ጀምሮ 2,010 ቀዶ ሕክምና ያደረጉና 2,037 በተለመደው ሕክምና የቆዩ ሰዎች በላርስ ሽስትሮም መሪነት ለአሥርት ዓመታት ተጠንተዋል። ቀዶ ሕክምና ያደረጉት በሃያኛው ዓመት ላይ ከመነሻ ክብደታቸው በአማካይ 18 በመቶ ዝቅ ብለው ሲገኙ ሌሎቹ ከነበሩበት እምብዛም አልተነቃነቁም። በ2020 የወጣው ውጤት ደግሞ የመጀመሪያዎቹ በአማካይ ሦስት ዓመት ያህል ዕድሜ እንዳገኙ አመለከተ።

የስዊድኑ ጥናት ዕጣ አልወጣበትም፤ ታማሚዎቹ ራሳቸው መርጠው ነው የገቡት፤ ስለዚህ የተሻለ ጥንቃቄ ያላቸው ሰዎች ወደ አንድ ወገን ተሰብስበው ይሆናል የሚል ተገቢ ትችት አለ። ለዚህ ትችት በክሊቭላንድ በፊሊፕ ሻወር የተመራው ጥናት መልስ ይሰጣል። በዚያ 150 የስኳር ሕመምተኞች በዕጣ ተመደቡ። ከአምስት ዓመት በኋላ የስኳር መጠናቸው ከታለመለት ግብ የደረሰላቸው በመድኃኒት ብቻ ከታከሙት 5 በመቶ፣ ባይፓስ ከተደረገላቸው 29 በመቶ፣ ስሊቭ ከተደረገላቸው 23 በመቶ ነበሩ። ዕጣ ጥንቃቄ አያውቅም።

እነዚህን ቁጥሮች ለማስታወቂያ ልጠቀምባቸው የሚል ነጋዴ ካለ ግን ጥቂት ይታገስ። ከመቶ 29ኙ ግብ ደረሱ ማለት 71ዱ አልደረሱም ማለት ነው። በስዊድን ከስኳር ተላቀው ከነበሩት ብዙዎቹ ተመልሰውበታል፦ በሁለተኛው ዓመት 72 በመቶ የነበረው በአሥረኛው ዓመት 36 በመቶ ሆነ። ሦስት ዓመት ዕድሜ ያገኙትም ቢሆኑ ከአጠቃላዩ ሕዝብ አማካይ በአምስት ዓመት ተኩል ያንሳሉ። ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበኝ የዩታው ጥናት ነው። ቴድ አዳምስ በ2007 ባወጣው ውጤት መሠረት 7,925 ባይፓስ የተደረገላቸው ሰዎች በቁጥር እኩል ከሆኑ ሌሎች ወፍራም ሰዎች ጋር ሲነጻጸሩ በአጠቃላይ ሞት 40 በመቶ ቀንሶ፣ በስኳር በሽታ የሚመጣው ሞት ደግሞ 92 በመቶ ቀንሶ ተገኘ። በአደጋ፣ ራስን በማጥፋትና በመሳሰሉት ከበሽታ ውጭ በሆኑ ምክንያቶች የሚመጣው ሞት ግን 58 በመቶ ጨምሯል። ይህን ቁጥር የሚናገር ማስታወቂያ እስካሁን አላየሁም።

አራተኛ፤ «መርፌው መጥቶ የለም እንዴ?» ለሚሉ አጭር መልስ አለኝ። እንደ ሴማግሉታይድ ያሉት አዳዲስ መርፌዎች ውጤታማ ናቸው፤ በ2021 የታተመው ሙከራ በ68 ሳምንታት 15 በመቶ ያህል ቅናሽ አሳይቷል። መርፌው ሲቆም ግን በዓመት ውስጥ ከቀነሰው ሁለት ሦስተኛው ተመለሰ። ለብዙ ሰው የመጀመሪያ ምርጫ መሆን ይችላል፤ በዚህ አልከራከርም። መርፌው የሚሠራው ግን ከአንጀት የሚወጣን የጥጋብ ሆርሞን በመምሰል ስለሆነ የፈቃድ ድክመት ነው የሚለውን ወገን አይረዳውም። ፈቃድ በመርፌ አይወጋም።

አምስተኛ፤ እውነተኛው ሥራ የሚጀምረው ከሆስፒታል ከተወጣ በኋላ ነው፤ አቋራጭ የሚለው ስም ትልቁን ጉዳት የሚያደርሰውም እዚሁ ላይ ነው።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በፈሳሽ ያልፋሉ። ውሃ እንኳን በአንድ ትንፋሽ አይጠጣም፤ በፉት በፉት ቀኑን ሙሉ ነው። ከዚያ የተፈጨ፣ ከዚያ ለስላሳ፣ ከሳምንታት በኋላ መደበኛ ምግብ ይከተላል። ምግብና መጠጥ አብረው አይወሰዱም፤ በመካከላቸው ግማሽ ሰዓት ያህል ይጠበቃል። ታማሚውን ሊጠይቅ የሚመጣ ሰው ስኳር የበዛበት አጥሚት በቴርሞስ ይዞ ሲመጣ ፍቅሩ አያጠያይቅም፤ ባይፓስ የተደረገለት ሰው ግን ያን ጠጥቶ ወዲያው ያልበው፣ ልቡ ይመታ፣ ሆዱም ይቆርጠው ይሆናል፤ ስኳሩ ወደ አንጀቱ በአንድ ጊዜ ስለሚወርድ ነው። ከሦስተኛው ወር አካባቢ ፀጉር መርገፍ ይጀምራል፤ አብዛኛውን ጊዜ ይመለሳል። ፈጣን ክሳት የሐሞት ጠጠር ያመጣል። ባይፓስ ያደረገ ሰው እንደ አይቡፕሮፌን ያሉትን የሕመም ማስታገሻዎችና ሲጋራን መራቅ አለበት፤ በአዲሱ መገናኛ ላይ ቁስለት ያመጣሉ። አልኮል ፈጥኖ ደም ውስጥ ስለሚገባ በሁለት ብርጭቆ የማይሰክር የነበረ ሰው በአንዱ ሊሰክር ይችላል። ሴቶች ለአንድ ዓመት ወይም ለዓመት ተኩል ከእርግዝና እንዲቆዩ ይመከራል። የስኳርና የደም ግፊት መድኃኒት ወዲያው ተከልሶ መቀነስ ይኖርበታል፤ የድሮውን መጠን እንደያዘ የቀጠለ ሰው ስኳሩ ወይም ግፊቱ በድንገት ወርዶ ሊወድቅ ይችላል። ቢ-12፣ አይረን፣ ካልሲየምና ቫይታሚን ዲ ዕድሜ ልክ ናቸው። ማስታወክ ለቀናት ካልቆመ ደግሞ በቫይታሚን ቢ-1 እጥረት አንጎል የሚጎዳበት አደጋ ስላለ «ይለፍልኛል» ተብሎ የሚጠበቅ ነገር አይደለም።

ጾምን እንውሰድ፤ ለአማርኛ አንባቢ ይህ የጎን ጉዳይ አይደለም። ሐኪሞች ቢያንስ በቀን 60 ግራም ፕሮቲን ያዝዛሉ። 200 ግራም የተቀቀለ ምስር 18 ግራም ያህል ይሰጣል። ስለዚህ ከምስር ብቻ ለማግኘት ከ650 ግራም በላይ መብላት ያስፈልጋል፤ በመጀመሪያዎቹ ወራት በአንድ ገበታ ከጥቂት ማንኪያ በላይ ለማይቀበል ጨጓራ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም ሰው ይህን ሁሉ፣ ውሃውንም ለየብቻ፣ እስኪተኛ ባሉት ሰዓታት ውስጥ ማስገባት አለበት። ሒሳቡ አይገጥምም፤ ዐቢይ ጾም ደግሞ 55 ቀን ነው። በረመዳንም ሒሳቡ እንዲሁ አይገጥምም። ሁለቱም ሃይማኖቶች ለታመመ ሰው ፈቃድ አላቸው። ፈቃዱን ለማግኘት ግን ለንስሐ አባት ወይም ለሼኹ እውነቱን መናገር ያስፈልጋል። ታማሚው ደግሞ አፍሮ ደብቋል።

ማኅበረሰቡ «አቋራጭ» ሲል ታማሚው ቀዶ ሕክምናውን «ሐሞት ጠጠር ነበረብኝ» ብሎ ይሸፍነዋል። ሠርግ ቤት «በሞቴ፣ ይቺን ብቻ» የሚል ጉርሻ ሲመጣ እምቢ የሚልበት ምክንያት የለውም፤ ይጎርሳል፤ ጓሮ ሄዶ ያስመልሳል። ክትትል መሄድ ምስጢር ማውጣት ስለሚመስለው ይቀራል። በሦስተኛው ዓመት ደም ማነሱ ሲታወቅ፣ ወይም አሥር ኪሎ ሲመለስበት፣ ያው ማኅበረሰብ «አላልንም ነበር?» ይላል። ትንቢቱን የፈጸሙት ተንባዮቹ ናቸው።

ሻጮቹም ያንኑ ቀዳዳ ይጠቀሙበታል። የሚያፍር ሰው ሩቅ መሄድ ይመርጣል። ኢስታንቡል ሄዶ በቀናት ውስጥ የሚመለስ ሰው የስፌት መፍሰስም ሆነ በደም ሥር የሚረጋ ደም ሊመጣበት የሚችለው ወደ ቤቱ ከገባ በኋላ መሆኑን ብዙ ጊዜ አይነገረውም። ልብ በፍጥነት መምታት፣ ትኩሳትና እየባሰ የሚሄድ የሆድ ሕመም ሲመጣ የሚያየው ሐኪም ምን እንደተደረገለት በወረቀት ካላገኘ ጊዜ ይባክናል።

እንግዲህ ማን ይወስን? እ.ኤ.አ. በ1991 በአሜሪካ የወጣው መመዘኛ ቢኤምአይው (ክብደት ከቁመት አንጻር የሚለካበት ቁጥር) 40 የደረሰ፣ ወይም 35 ሆኖ ተጓዳኝ በሽታ ያለበትን ሰው ይፈቅድ ነበር። በ2022 ዓለም አቀፍ ማኅበራት 35 የደረሰን ሁሉ፣ እንዲሁም 30 ሆኖ እንደ ስኳር ያለ በሽታ ያለበትን አካትተዋል። ቁመቷ 1.65 ሜትር የሆነች ሴት 110 ኪሎ ብትመዝን ቢኤምአይዋ 40 አለፍ ይላል። ቁጥሩ ግን በር ይከፍታል እንጂ አያስገባም። ለሠርግ ፎቶ፣ ወይም ባሏ ስለተናገራት ብቻ የምትመጣ ሴት መቆየት ይኖርባታል። ያልታከመ የመጠጥ ሱስ ወይም ከባድ ድባቴ ያለበትም እንዲሁ፤ የዩታውን ቁጥር አስታውሱ።

ለመታከም የምታስቡ ሰዎች ከመፈረማችሁ በፊት እነዚህን ጠይቁ። ደሜን በስድስተኛው ወር ብቻ ሳይሆን በአምስተኛው ዓመትም የሚመረምረው ማነው? ሌሊት ሲያስመልሰኝ ስልኩን የሚያነሣው ማነው? ቫይታሚኖቹ እኔ በምኖርበት ከተማ ይገኛሉ ወይ፣ በወርስ ስንት ይፈጃሉ? ቤተሰቤ ውስጥ እውነቱን የሚያውቅ ቢያንስ አንድ ሰው አለ ወይ? የመጀመሪያዎቹን ሦስቱን ስምና አድራሻ ጠቅሶ የማይመልስላችሁ ሐኪም ዘንድ አትፈርሙ። አራተኛው የእናንተ ድርሻ ነው፤ ከመግባታችሁ በፊት ንገሩ።